የማይፍቅ መዝገብ፦ ዳታቤዝ የአንድን ረድፍ ቅጂዎች እንዴት ይጠብቃል?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ እትም የምናነሳው ርዕስ ሲታይ የሶፍትዌር ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን በስልኩ ቀሪ ሂሳቡን የሚያይ፣ በቴሌብር የሚከፍል፣ ቤተሰቡ በገጠር የመሬት ይዞታ ደብተር ያለው ሁሉ ጉዳዩ ይነካዋል። ዛሬ የሰው ሐቅ በአብዛኛው የሚቀመጠው በዳታቤዝ ውስጥ፣ በአንድ ሠንጠረዥ፣ በአንድ ረድፍ ላይ ነው። ጥያቄያችንም ይህ ነው፦ ያንን አንድ ረድፍ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲያነቡትና ሲቀይሩት የማንም ሐቅ እንዳይጎድል የሚደረገው እንዴት ነው?

አንድ ድምር፣ ሦስት መልስ

በምሳሌ እንጀምር። ሁለት ወንድማማቾች በጋራ የእህል ንግድ አላቸው እንበል። ታላቁ ፍኖተ ሰላም፣ ታናሹ ቡሬ ሆነው በቆሎና በርበሬ ከገበሬ ይሰበስባሉ። በጋራ ስማቸው ሁለት የባንክ ሂሳብ ከፍተዋል። በፍኖተ ሰላሙ 4,000,000 ብር፣ በቡሬው 6,000,000 ብር አለ። ዓመቱ ሞልቶ ዘካ የሚያወጡበት ቀን ደርሷል። በመጋዘን ያለውን ሸቀጥ ለጊዜው እንተወውና ጥሬ ገንዘቡን ብቻ እንይ። ድምሩ 10,000,000 ብር ነው፤ ከመቶ ሁለት ተኩል ሲሰላ ዘካው 250,000 ብር ይሆናል።

ሂሳብ ሠራተኛቸው መደመር በጀመረበት ደቂቃ ግን ታላቁ ወንድም ከፍኖተ ሰላሙ ሂሳብ 3,000,000 ብር ወደ ቡሬው አዛወረ። ሠራተኛው የፍኖተ ሰላሙን ከዝውውሩ በፊት፣ የቡሬውን ደግሞ ከዝውውሩ በኋላ ቢያነብ 4,000,000 እና 9,000,000 ያገኛል። ድምሩ 13,000,000፣ ዘካውም 325,000 ይሆንበታል። መጀመሪያ የቡሬውን፣ ከዝውውሩ በኋላ የፍኖተ ሰላሙን ቢያነብ ደግሞ 6,000,000 እና 1,000,000 ያገኛል። ድምሩ 7,000,000፣ ዘካው 175,000 ይሆናል። የድሃው ሐቅ 75,000 ብር ጎደለ ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ እዚህ ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰረቀም። ሠራተኛው ያነበበው እያንዳንዱ ቁጥር በተነበበበት ሰዓት እውነት ነበር። ችግሩ ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ጊዜ እውነት አለመሆናቸው ነው።

የዳታቤዝ ባለሙያዎች ለዚህ የመጀመሪያ መሣሪያ ያደረጉት ትራንዛክሽን የሚባለውን ነው። ትራንዛክሽን ማለት አንድ ላይ የሚጸኑ፣ ካልሆነም አንድ ላይ የሚቀሩ ሥራዎች ጥቅል ነው። ከአንዱ ሂሳብ መቀነስና በሌላው ላይ መጨመር ሁለት ሥራ ቢሆኑም በአንድ ትራንዛክሽን ይታሰራሉ። ሥራው ሲጸና ኮሚት ሆነ ይባላል፤ ሲሰረዝ ሮልባክ ሆነ ይባላል። ግማሽ ዝውውር የሚባል ነገር የለም።

ትራንዛክሽን ግን ዝውውሩ በመካሄድ ላይ ሳለ ሌላ አንባቢ ቢመጣ ምን ይይ የሚለውን ጥያቄ ብቻውን አይመልስም። አንዱ መልስ መቆለፍ ነው፤ ጸሐፊው እስኪጨርስ አንባቢ ይጠብቅ፣ አንባቢውም እስኪጨርስ ጸሐፊ ይጠብቅ። ይህ ትክክል ነው፣ ግን ቀርፋፋ ነው። በአንድ ቢሮ አንድ መዝገብ ብቻ ሲኖርና አንዱ ባለጉዳይ መዝገቡን እያየ ሌላው ሁሉ በር ላይ ሲሰለፍ ማለት ነው። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ በሚገለገልበት ባንክ ይህ አይሠራም።

ሌላው መልስ አሮጌውን አለመንካት ነው። ረድፉ ሲቀየር የቀድሞው ቃል አይፋቅም፤ ከጎኑ አዲስ ቅጂ ይጻፋል። ቀድሞ የገባ አንባቢ አሮጌውን፣ በኋላ የሚመጣ አዲሱን ያያል። ማንም ማንንም አይጠብቅም። ይህ አሠራር በሙያው ኤምቪሲሲ ይባላል። ሐሳቡን ዴቪድ ሪድ እ.ኤ.አ. በ1978 በኤምአይቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ውስጥ እናገኘዋለን። ዛሬ ፖስትግሬስ፣ ኦራክልና ማይኤስኪውኤል ሁሉም በዚህ መንገድ ይሠራሉ።

ቢላዋ የማይገባበት መጅሊስ

ሐሳቡ መድረሳ ለተማረ ሰው እንግዳ አይደለም። የሐዲስ ዑለማእ ተማሪ ከሸይኹ እየሰማ ሲጽፍ ስህተት ቢገኝ እንዴት ይታረም የሚለውን በዝርዝር ጽፈውበታል። በ643 ዓ.ሂ. የሞቱት ኢብኑ ሰላሕ በዕውቁ የሐዲስ ዕውቀት መግቢያ ኪታባቸው ውስጥ ይህን አንስተዋል። ስህተቱን በቢላዋ ከመፋቅ ይልቅ ከስር ያለው ቃል እንዲነበብ አድርጎ በላዩ ላይ መስመር መሳብ ይሻላል። መፋቅ ጥርጣሬ ያመጣል፤ የተሰረዘው ግን ምን እንደነበረ ይታያል።

ከዚህም የጠለቀ ምክንያት አለ። በ544 ዓ.ሂ. የሞቱት ቃዲ ዒያድ እንዳስተላለፉት፣ ሸይኾች በመስሚያው መጅሊስ ቢላዋ እንዲኖር አይወዱም ነበር። ምክንያቱም ዛሬ ከአንድ ሸይኽ ሲሰማ ስህተት የመሰለው ቃል ነገ በሌላ ሪዋያ ትክክል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የተፋቀ ከሆነ ተማሪው እንደገና መጻፍ ይኖርበታል። መስመር የተሳበበት ከሆነ ግን ትክክል መሆኑን ምልክት ማድረግ ብቻ ይበቃዋል።

ዳታቤዝም አሮጌውን ረድፍ የማይፍቀው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ለአንዱ ያለፈበት ቅጂ ለሌላው ገና ትክክለኛው ቅጂ ነው። ልዩነቱ ዳታቤዝ መስመሩን የሳበው ማን እንደሆነና መቼ እንደሆነ በቁጥር መያዙ ነው።

ሁለቱ ስውር ቁጥሮች

አሁን ፖስትግሬስን ከፍተን እንይ። ይህ ዳታቤዝ እ.ኤ.አ. በ1986 በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት የተጀመረ ነው፤ ያለ ክፍያ የሚገኝ በመሆኑ በላብራቶሪም ሆነ በግል ኮምፒውተራችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ፖስትግሬስ መረጃ ለሚቀይር ለእያንዳንዱ ትራንዛክሽን ተራ ቁጥር ይሰጣል። በእያንዳንዱ የረድፍ ቅጂ ላይ ደግሞ እኛ ካዘዝናቸው ዓምዶች ሌላ ስውር ዓምዶች አሉ። ሁለቱን እንያቸው። ኤክስሚን ቅጂውን የወለደውን ትራንዛክሽን ቁጥር ይይዛል። ኤክስማክስ የዘጋውን፣ ማለትም የቀየረውን ወይም የሰረዘውን ትራንዛክሽን ቁጥር ይይዛል። ገና ያልተነካ ቅጂ ኤክስማክሱ ዜሮ ነው።

የፍኖተ ሰላሙ ሂሳብ በ701ኛው ትራንዛክሽን ተጻፈ እንበል።

ቅጂ አንድ፦ 4,000,000 ብር፤ የወለደው 701፤ የዘጋው የለም።

ታላቁ ወንድም ዝውውሩን ሲጀምር ቁጥር 702 ተሰጠው። አፕዴት የሚለው ትእዛዝ ሲፈጸም ሠንጠረዡ እንዲህ ይሆናል።

ቅጂ አንድ፦ 4,000,000 ብር፤ የወለደው 701፤ የዘጋው 702።
ቅጂ ሁለት፦ 1,000,000 ብር፤ የወለደው 702፤ የዘጋው የለም።

ሁለቱም ቅጂዎች ዲስክ ላይ ጎን ለጎን አሉ። የቡሬውም ሂሳብ እንዲሁ ሁለት ቅጂ ይኖረዋል፤ ባለ 6,000,000 እና ባለ 9,000,000።

ታዲያ አንባቢው የትኛውን ያያል? አንባቢው ጥያቄውን ሲጀምር ዳታቤዙ ስናፕሾት ይሰጠዋል። ስናፕሾት የመረጃው ሙሉ ግልባጭ አይደለም፤ አጭር ማስታወሻ ነው። በዚህ ቅጽበት እስከየትኛው ቁጥር እንደተደረሰ፣ ከእነዚያም ውስጥ ገና ያልጨረሱት የትኞቹ እንደሆኑ ይይዛል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቅጂ በሁለት ጥያቄ ይፈተናል።

አንደኛ፦ የወለደው ትራንዛክሽን ስናፕሾቱ ከመወሰዱ በፊት ጸንቷል ወይ? ካልጸና ቅጂው ለዚህ አንባቢ አልተወለደም።

ሁለተኛ፦ የዘጋው አለ ወይ? ካለስ ስናፕሾቱ ከመወሰዱ በፊት ጸንቷል ወይ? ካልጸና ቅጂው ለዚህ አንባቢ ገና ክፍት ነው።

ሂሳብ ሠራተኛው ሲጀምር 702 ገና በሥራ ላይ ነበር። ስለዚህ 702 የወለዳቸው ለእሱ አልተወለዱም፤ 702 የዘጋቸውም ለእሱ አልተዘጉም። ከፍኖተ ሰላሙ 4,000,000፣ ከቡሬው 6,000,000 ያነባል። ድምሩ 10,000,000፣ ዘካው 250,000 ነው። ታላቁ ወንድም አልጠበቀም፣ ሠራተኛውም አልጠበቀም። በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢያነብ መልሱ አንድ ነው።

ከዚህ ሕግ አንድ የተለየ ነገር አለ። ትራንዛክሽን የራሱን ሥራ ገና ሳይጸና ያያል። 702 ራሱ ቀሪውን ቢጠይቅ 1,000,000 ይባላል። በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ስንተኛው ትእዛዝ ረድፉን እንደቀየረውም ተመዝግቦ ይያዛል። ይህ ባይሆን ኖሮ አንድ ትእዛዝ ራሱ አሁን የጻፈውን ቅጂ መልሶ እያገኘ ደጋግሞ በቀየረው ነበር።

መብራት ቢጠፋስ?

702 ቅጂዎቹን ጽፎ ሳያጸና መብራት ጠፋ እንበል። በእኛ አገር ይህን ለማሰብ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ፖስትግሬስ የእያንዳንዱን ትራንዛክሽን ዕጣ፣ ጸና ወይስ ቀረ የሚለውን፣ በሌላ ትንሽ መዝገብ ይይዛል፤ ለአንድ ትራንዛክሽን ሁለት ቢት ብቻ ይበቃዋል። ከዚህም ሌላ ማንኛውም ለውጥ አስቀድሞ የሚሰፍርበት የዕለት መዝገብ አለ። ኮሚት ተሳክቷል የሚለው መልስ ለተጠቃሚው የሚሰጠው በተለመደው ቅንብር ይህ መዝገብ ዲስክ ላይ ካረፈ በኋላ ነው።

መብራት ሲመለስ ዳታቤዙ የዕለት መዝገቡን አንብቦ ራሱን ያስተካክላል። 702 ጸና የሚል ቃል ስለማያገኝ እንደቀረ ይቆጠራል። የወለዳቸው ቅጂዎች ዲስክ ላይ ቢኖሩም ለማንም አይታዩም፤ የዘጋቸው ቅጂዎች እንዳልተዘጉ ይቆጠራሉ። ተመልሶ የሚታረም ነገር የለም፤ አሮጌው ቅጂ ከቦታው አልተነሳምና።

ኦራክልና የማይኤስኪውኤሉ ኢኖዲቢ በዚህ ይለያሉ። እነሱ አዲሱን ቃል በቦታው ላይ ይጽፉና የቀድሞውን አንዱ በሚባል መዝገብ ያኖራሉ። የአሮጌ ስናፕሾት አንባቢ ሲመጣ ከዚያ መዝገብ የቀድሞውን ቅጂ መልሰው ያበጁለታል። ሮልባክ ሲሆን ደግሞ የቀድሞውን ወደ ቦታው መመለስ አለባቸው። መንገዱ ቢለያይም ለአንባቢ የሚሰጡት ቃል አንድ ነው።

ስናፕሾቱ መቼ ይወሰዳል?

እዚህ ላይ ብዙ ፕሮጀክቶች የሚሰናከሉበት ነጥብ አለ። በፖስትግሬስ የተለመደው ደረጃ ሪድ ኮሚትድ ይባላል። በዚህ ደረጃ ስናፕሾት የሚወሰደው ለእያንዳንዱ ትእዛዝ አዲስ ነው። ሂሳብ ሠራተኛው ሁለቱን ሂሳቦች በአንድ የድምር ትእዛዝ ቢጠይቅ ትክክለኛ መልስ ያገኛል። የፕሮግራሙ ጸሐፊ ግን በመጀመሪያ ትእዛዝ የፍኖተ ሰላሙን፣ በሁለተኛ ትእዛዝ የቡሬውን አንብቦ ራሱ ቢደምር፣ 702 በመሐል ከጸና 13,000,000 ሊያገኝ ይችላል። ሁለቱን ትእዛዞች በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ማሰሩ ብቻውን አያድነውም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ሪፒተብል ሪድ የሚባለው ደረጃ ነው። በዚህ ደረጃ ስናፕሾቱ የሚወሰደው ትራንዛክሽኑ የመጀመሪያ ትእዛዙን ሲፈጽም ነው፤ እስከመጨረሻውም በዚያው ይጸናል። ከአንድ ትእዛዝ በላይ የሚጠይቅ ሪፖርት፣ የዘካ ስሌትም ሆነ የወር መዝጊያ፣ በዚህ ደረጃ ቢሠራ መልካም ነው።

ሁለት ጸሐፊ ሲገናኙ

እስካሁን ያየነው አንድ ጸሐፊና አንድ አንባቢን ነው። ሁለት ጸሐፊዎች ሲገናኙ ግን ቅጂ መያዝ ብቻውን አይበቃም። የፍኖተ ሰላሙ ሂሳብ እንደገና 4,000,000 ብር አለው እንበል። ታላቁ ከዚህ ሂሳብ 3,000,000 ሊያወጣ ነው፤ ታናሹም በቡሬ ሆኖ ከዚያው ሂሳብ 2,500,000 ሊያወጣ ነው። የሁለቱም ፕሮግራም ቀሪውን አነበበ፤ 4,000,000 አለ። የታላቁ ፕሮግራም በራሱ ቀንሶ 1,000,000 ብሎ ጻፈ። የታናሹ ፕሮግራም 1,500,000 ብሎ ጻፈ። 4,000,000 ብር ከነበረበት ሂሳብ 5,500,000 ወጣ፤ መዝገቡም አሁንም 1,500,000 አለ ይላል። የመጀመሪያው ጽሑፍ ጠፋ።

ዳታቤዙ በአንድ ረድፍ ላይ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንዲጽፍ አይፈቅድም። የመጀመሪያው እስኪጸና ወይም እስኪቀር ሁለተኛው ይጠብቃል። ነገር ግን በሪድ ኮሚትድ ደረጃ ሁለተኛው ተራው ሲደርስ የሚጽፈው ፕሮግራሙ አስቀድሞ የወሰነለትን ቁጥር ከሆነ፣ መጠበቁ ብቻ ምንም አላዳነም። መፍትሔዎቹ እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው ማንበብና መቀነሱን በአንድ ትእዛዝ ማሰር ነው። ቀሪውን 1,500,000 አድርግ ከማለት ይልቅ፣ ቀሪው ከ2,500,000 የማያንስ ከሆነ 2,500,000 ቀንስለት ብሎ ማዘዝ። በሪድ ኮሚትድ ደረጃ ሁለተኛው ጸሐፊ ተራው ሲደርስ ዳታቤዙ የጸናውን አዲስ ቅጂ ያነብና ሁኔታውን እንደገና ይፈትናል። 1,000,000 ብቻ መኖሩን ስለሚያይ አንድም ረድፍ አይቀየርም።

ሁለተኛው ሲያነቡ ጀምሮ ረድፉን መያዝ ነው። ሴሌክት ፎር አፕዴት የሚለው ትእዛዝ፣ ይህን ረድፍ የማነበው ልቀይረው ነውና ሌላ ጸሐፊ ይጠብቀኝ ማለት ነው።

ሦስተኛው ሪፒተብል ሪድን መጠቀም ነው። በዚህ ደረጃ ፖስትግሬስ ሁለተኛውን ጸሐፊ፣ አንተ ካየኸው በኋላ ረድፉ ተቀይሯል ብሎ ይመልሰዋል፤ ፕሮግራሙም ከመጀመሪያው እንደገና መሞከር አለበት። እንደገና የመሞከሩን ክፍል መጻፍ የፕሮግራሙ ሠሪ ኃላፊነት ነው።

አራተኛው በሠንጠረዡ ላይ የራሳችንን የቅጂ ቁጥር ዓምድ ማኖር ነው። ሰው ቅጽ ከፍቶ ለብዙ ደቂቃ በሚሞላበት ድረ ገጽ ይህ ይመረጣል። ሲጽፍ፣ የቅጂው ቁጥር አሁንም 7 ከሆነ ቀይረውና 8 በለው ይላል። በመሐል ሌላ ሰው ቀይሮት ከሆነ ትእዛዙ ረድፍ አያገኝም፤ ተጠቃሚውም አዲሱን አይቶ እንዲወስን ይጠየቃል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚያመልጥ አንድ ስውር ችግርም አለ። ወንድማማቾቹ የሁለቱ ሂሳብ ድምር ከ5,000,000 ብር እንዳይወርድ ተስማምተዋል እንበል። በፍኖተ ሰላሙ 4,000,000፣ በቡሬው 6,000,000 አለ። ታላቁ ከፍኖተ ሰላሙ 4,000,000 ሊያወጣ ድምሩን ይፈትናል፤ 6,000,000 ይቀራል፣ ይፈቀዳል። በዚያው ቅጽበት ታናሹ ከቡሬው 4,000,000 ሊያወጣ ይፈትናል፤ በእሱም ስናፕሾት 6,000,000 ይቀራል፣ ይፈቀዳል። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ረድፍ ስለጻፉ አልተጋጩም። ሁለቱም ሲጸኑ ግን የቀረው 2,000,000 ብቻ ነው። እያንዳንዱ ውልን ጠብቋል፤ ውሉ ግን ፈርሷል። ይህን የሚይዘው ከፍተኛው ደረጃ፣ ሲሪያላይዘብል ነው። ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዚህ ደረጃ ማን ምን አንብቦ እንደወሰነ ይከታተላል፤ አደገኛ መጠላለፍ ሲያይም አንዱን ይመልሳል።

ነገሩ የወረቀት ላይ ብቻ አይደለም

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ሌሊት፣ በ1445 ዓ.ሂ. ረመዳን የመጀመሪያ ሳምንት፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ደንበኞች በሂሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ፤ ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ተዳርሶ ተማሪዎች በኤቲኤም ደጃፍ ተሰለፉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረና ችግሩ ከሲስተም ሥራ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ገለጸ። በዚያ ሰዓት ከ490 ሺህ በላይ ግብይት መፈጸሙን፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ ትክክለኛ እንደነበሩ፣ ያለአግባብ የወጣው ግን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አሳወቀ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ አስታወቁ፤ ባንኩም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ይፋ አደረገ።

ያ ሌሊት ለሁሉም ሰው ሁለት ነገር አሳይቷል። አንደኛው፣ ስንት አለህ ብሎ መፈተንና ቀንስ ብሎ መጻፍ ከተለያዩ ጉዳቱ በሰዓታት ውስጥ የት ድረስ እንደሚሄድ ነው። ሁለተኛው፣ ማሽኑ ሳተ ማለት ገንዘቡ ሐላል ሆነ ማለት አለመሆኑ ነው። ማን፣ መቼ፣ ስንት እንደወሰደ መዝገቡ ይዞት ነበር፤ ባይዘው ኖሮም ሐቁ የሰው ሐቅ ነበር።

ቅጂ ማኖርና ታሪክ ማኖር ይለያያሉ

ፖስትግሬስ አሮጌ ቅጂዎችን ለዘላለም አያኖርም። አንድን አሮጌ ቅጂ ሊያይ የሚችል ስናፕሾት ሲያልቅ ቫኪዩም የሚባለው ጽዳት ቦታውን ለሌላ ቅጂ ያስለቅቃል። ይህ ጽዳት በተለመደው ቅንብር ራሱ የሚነሣው ከሠንጠረዡ ረድፎች 20 በመቶ ያህሉ ሲያረጁ ነው። አንድ ሰው ትራንዛክሽን ከፍቶ ሳይዘጋ ለሰዓታት ቢተወው ግን ከእሱ ወዲህ ያረጁት ቅጂዎች ሊጸዱ አይችሉም፤ ምናልባት ያነባቸው ይሆናል ተብሎ ይጠበቃሉ። ሠንጠረዡ ያብጣል፣ ጥያቄዎች ይዘገያሉ። ቫኪዩም ሌላም ሥራ አለው። የትራንዛክሽን ቁጥር 32 ቢት በመሆኑ 4 ቢሊዮን ገደማ ሲደርስ ዞሮ ከመጀመሪያው ይቆጥራል፤ ስለዚህ ከዘመን በፊት የጸኑ ቅጂዎች አሮጌ ተብለው ምልክት እንዲደረግባቸው ያስፈልጋል።

ከዚህ የምንይዘው ትልቁ ነገር፣ እነዚህ ቅጂዎች የተሠሩት አንባቢና ጸሐፊ እንዳይጋጩ እንጂ ለምስክርነት አለመሆኑን ነው። ነገ የሚያከራክር ነገር ካለ ታሪኩን ዳታቤዙ በራሱ ያኖርልኛል ብሎ መተው አይቻልም፤ ሠንጠረዡን የሚነድፈው ሰው አስቦ መጻፍ አለበት።

የምዕራብ ጎጃምን ገጠር እንመልከት። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለባለይዞታዎች የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ተጀመረ፤ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ በአንድነት የሚሰፍርበት ነው። ጉዳዩ በአዋጅ 133/1998፣ በኋላም በአዋጅ 252/2009 ይመራል። መሬት አይሸጥም፤ ግን በውርስ፣ በስጦታና በኪራይ መብቱ ይተላለፋል። ባል ቢሞት፣ ልጆች ቢካፈሉ፣ አንዱ ድርሻውን ቢያከራይ መዝገቡ ይቀየራል። መዝገቡ የዛሬውን ስም ብቻ ካሳየ ከአሥር ዓመት በኋላ ሚስቲቱ ወይም የቲሞቹ ድርሻቸው የት እንደገባ ሊጠይቁ ቢመጡ የሚታይ ነገር የለም።

የመሬት መዝገብ ባለሙያዎች ይህን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው አይኤስኦ 19152 የሚባለው ዓለም አቀፍ የመሬት አስተዳደር መስፈርት በሰው፣ በመብትና በቁራሽ መሬት ላይ ያለ እያንዳንዱ መዝገብ ቅጂው የጀመረበትንና ያበቃበትን ጊዜ እንዲይዝ አድርጎ ነድፎታል። የኤክስሚንና የኤክስማክስ ሐሳብ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ቁጥሩ የሰው ቀን መቁጠሪያ መሆኑና ቫኪዩም የማይነካው መሆኑ ነው።

በቁርኣን ረጅሙ አያህ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ የሚናገረው ስለ ብድር መጻፍ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ትንሽም ይሁን ትልቅ ከነጊዜው እንዲጻፍ፣ ጸሐፊውም በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክርም እንዲኖር ያዝዛል። ለፕሮግራም ሠሪ ይህ የሩቅ ነገር አይደለም፤ ዛሬ ጸሐፊው እሱ ነውና።

ለመመረቂያ ፕሮጀክታችሁም ሆነ ለአንድ ነጋዴ ወይም ለጀመዓችን የኢፍጧር መዋጮ ሲስተም ስትሠሩ ከማስረከባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ከአንድ ትእዛዝ በላይ የሚያነብ ሪፖርት በአንድ ስናፕሾት ነው ወይ የሚያነበው? ቀሪን የሚፈትነውና የሚቀንሰው በአንድ ላይ ታስረዋል ወይ? ነገ ክርክር ቢነሣ ትናንት ምን ተጽፎ እንደነበር፣ ማን እንደቀየረው ይታያል ወይ? ሁለት መስኮት ከፍታችሁ በሁለቱም ትራንዛክሽን ጀምሩ፤ በአንዱ ቀይሩ፣ በሌላው አንብቡ፤ ኤክስሚንና ኤክስማክስን በስማቸው ጠርታችሁ ተመልከቱ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እዚህ የተጻፈው ሁሉ በዓይናችሁ ይታያችኋል።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን፤ የሰው ሐቅ በእጃችን ሲገባም አማናውን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።